ከሰይድ ጋር የወረድነው ቁልቁለት

ሰይድ መሞቱን የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ጭኜ ወደ መቐለ ስወጣ፣ ማይጨውን አልፌ አላጌ ሳልደርስ፣ አንድ የማውቀው ሾፌር ከላይ ሲወርድ ተገናኘን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መስኮት ለመስኮት ተጠጋግተን ቆምን፤ ሞተር አላጠፋንም። ጫፉ ላይ ጭጋግ እንዳለ፣ ድንጋይ ተንከባልሎ መንገዱን ዘግቶ እንደነበረና እንደተነሣ ነገረኝ። ሌላው ነገር ትዝ ያለው ማርሽ ካስገባ በኋላ ነው።

«ያ አንካሳው ሰይድ፣ ፕሪመስ ጠጋኙ፣ ትናንት ተቀበረ። ታውቀው የለ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

እሱ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ከኋላዬ የመጣ መኪና ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሞቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው። አጥንቴ ድረስ የገባው «ፕሪመስ ጠጋኙ»፣ የላምባ ምድጃ ጠጋኝ፣ ያለው ነገር ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከደሴ እስከ አስመራ በዚያ መስመር መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሰይድ ፍሬን» እያለ ነው። ፍሬኑ ያልያዘለት ሾፌር የሁለት ቀን መንገድ በእጅ ፍሬን እየተንፏቀቀ መቐለ ድረስ ይመጣለት ነበር። ያ ስም እንዴት እንደጠፋ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩት። የተሳሳትኩት እዚህም ላይ ነው።

ሰይድ ወሎዬ ነው፤ የቦረና ልጅ። ጣልያን መንገድ ሲሠራ በጉልበት ሥራ ገብቶ፣ ቀስ በቀስ ከአካፋው ወደ ካሚዮኑ ተጠግቶ፣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አቀባይ ሆነ። ጣልያን ሲወጣ እሱ መፍቻዎቹን ይዞ መቐለ ቀረ። ባለቤቱን ዘሀራን ከአገሩ አምጥቶ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ካለው የእስላሞች ሰፈር ግቢ ተከራይቶ፣ ደጁ ላይ ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ሦስት እግር በርጩማ፤ ይኸው ነው።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር፤ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። መኪና ሲመጣለት ሾፌሩን ምን ሆነብህ ብሎ አይጠይቅም። «አንዴ ሂድና ተመለስ» ይላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሲመለስ «የቀኝ የኋላው ነው» ይላል። ሲፈታ የቀኝ የኋላው ይሆናል። እጁን ለሶላት ሲታጠብ ማየት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነበር፤ መጀመሪያ በአሸዋ፣ ቀጥሎ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ በመጨረሻ ደግሞ እንደ ሰው በውሃ። ዘሀራ ቆማ ታየውና «አቦ፣ አላህ ጥፍርህን ሊያይ ነው እንዴ የፈለገው?» ትለዋለች። እሱ ዝም ብሎ ይታጠባል።

ሦስት ነገር ነበረው የማይለቀው። አንደኛው አባባል ነው፤ «ሞተር ያልነሣ መኪና ያስቀራል፣ ፍሬን ያልያዘ መኪና ያስቀብራል» ይል ነበር። ሁለተኛው ልማድ ነው። ፍሬን የሠራለትን መኪና የመጀመሪያውን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ከሾፌሩና ከእሱ በቀር ሌላ ሰው አያስገባም፤ የመኪናው ባለቤት ራሱ ቢለምነው አይሰማም። «እኔ ያልወረድኩበትን ለሰው አልሰጥም» ይላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። ሰው አያስምልም። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ጎማው ሥር ያለው የፍሬን ታምቡር የተጨረመተበት ካሚዮን አምጥቶ ሰይድ «አጋጭተኸዋል?» ብሎ ጠየቀው። «አላጋጨሁም፤ በማርያም! በሚካኤል! እናቴን...» ብሎ ሲጀምር ሰይድ በዘይት እጁ አፉን ሊይዘው ምንም አልቀረው። «ተው፣ ተው፤ አላጋጨሁም አልከኝ አይደል? በቃኝ» አለው። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ እኔ ሳቅኩበት። ማጋጨቱ እኮ ያፈጠጠ ነገር ነበር። ሰይድ ግን «ቃሉን የሰጠህን ሰው ማል ማለት መስደብ ነው፤ ውሸቱን ከሆነም የእሱ ዕዳ ነው» አለኝ። እኔም በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ ሞኝ ነው አልኩ።

እኔ ያን ጊዜ ከሸዋ የመጣሁ ጎረምሳ ሾፌር ነበርኩ። ጣልያን በወጣ በአራተኛው ዓመት ግራዝማች ኪሮስ የሚባሉ የመቐለ ባላባት ለመኪናቸው ሾፌር ፈልገው ቀጠሩኝ። ተቀጥሬ ስሄድ ለካ መኪናዋ የለችም፤ ያለችው ጭድ ውስጥ ነው። ግራዝማች ጣልያን ከመግባቱ በፊት የገዟት የአሜሪካን ሥሪት ነበረች፤ ጣልያን እንዳይወስድባቸው ከጎተራቸው ኋላ አግብተው ጭድ ከምረውባት ዘጠኝ ዓመት ተኝታለች። ጭዱን ስንገልጥ ከኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ግራዝማች እንዲጠግናት ያስጠሩት ሰይድ ዶሮዋን ከነእንቁላሎቿ በጋቢው አቅፎ አወጣና «መጀመሪያ ተከራይዋን እናስወጣ» አለ።

ግራዝማች መኪናዋን የፈለጓት ለልጃቸው ሠርግ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበርና ሥራውን የጀመርነው ከጥምቀት በኋላ፣ አብረን ነው፤ እኔ ሾፌርም ረዳትም ሆኜ። ቆርቆሮውን ቀጥቅጠን አቃናነው፣ ወንበሯን በቆዳ አለበስነው፣ ሞተሯን ፈትተን ገጠምነው። ተነሥታ ያጓራች ቀን የሰፈሩ ሰው እልል አለ፤ ሰይድ ግን አልሳቀም። «ገና ነው፤ ተነሣች እንጂ መቆሟን አላየንም» አለ።

ፍሬኗ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። ዝገቱን አስለቀቅን፤ ሰይድ ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ከወደቀ የጣልያን ካሚዮን አውጥቶ በልኳ አስገባው። ዘይቱን የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎችም ከዚያው አገኘን። የቀረው ራሱ የፍሬን ዘይቱ ነው። ያን ጊዜ መቐለ ውስጥ ቀርቶ አስመራም የለም። የሞተር ዘይት ቢደረግበት ጎማውን ያሳብጠዋል። ሰይድ ግን ከጣልያኑ አለቃው የተማረው ዘዴ ነበረው። የጉሎ ዘይትና ብርቱ አረቄ በልክ ሲቀላቀሉ ፍሬን ዘይት ይሆናሉ። ጉሎው ጎማውን አይጎዳም፤ አረቄው ደግሞ ያቀጥነዋል። አንድ ነገር ብቻ ይከለከላል፤ ውሃ። «ውሃ ያለበት እንደሆነ ሜዳ ላይ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ውሃው ይፈላል። የፈላ ውሃ ደግሞ ፍሬን አይደለም፤ እንፋሎት ነው» አለኝ። አምስት ጊዜ ነው የነገረኝ።

ጉሎውን ዘሀራ ወቅጣ አፍልታ አወጣችው። አረቄው ግን የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ሰይድ አረቄ ቤት ደጃፍ አይረግጥም። አደይ ለተ የሚባሉ ዓዲ ሓቂ አጠገብ፣ ያን ጊዜ ገብስ በሚዘራበት ዳር፣ አረቄ የሚያወጡ ሴት ነበሩ። ሦስት ጊዜ የተጣራ እንዲያወጡልን ቀድመን ነግረናቸዋል። በቀጠሮው ጠዋት ሰይድ ጠርሙሱን አጥቦ፣ በእሳት አድርቆ ሰጠኝና «አረቄ በሁለት ነገር ይፈተናል፤ በምላስና በእሳት። ምላሱን እኔ አልችልም፤ አንተ ቅመስልኝ። ተፋው፤ ግን ቅመሰው። ምላስህን ካልቆረጠው አታምጣው» አለኝ።

ሁዳዴ ነበር።

እኔ ጾመኛ ነኝ ብዬ የምኩራራ ሰው አይደለሁም። ያን ዓመት ግን እናቴ ታምማ ነበርና እህል ውሃ ሳልል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም ተስያለሁ። ለሰይድ ይህን መንገር አንድ ቃል ነበር። «ጾም ላይ ነኝ፤ ከዘጠኝ በኋላ ልሂድ» ብለው «አብሽር» ብሎ ይቀመጥ ነበር። ግን የግራዝማች መልእክተኛ ደጁ ላይ ቆሞ «መቼ ነው የምትጨርሱት?» እያለ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁ።

አደይ ለተ «ከመይ ሓዲርካ ወደይ?»፣ እንዴት አደርክ ልጄ፣ ብለው ተቀበሉኝ። ጠርሙሱን ሞሉልኝ።

«ሦስት ጊዜ ነው የወጣው?» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ፤ ብሓቂ! እኔን አታምንም እንዴ?»

ቡሹን ከፍቼ አሸተትኩት። ይሸታል፤ አረቄ የትኛውም ቢሆን ይሸታል። ጣቴን ነክሬ ምላሴ ላይ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረኝ። አላደረግኩም። ወደ ጋራዡ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምለውን አስቤበታለሁ፤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ብል በውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት መጨመር ነው።

ሰይድ «ቀምሰኸዋል?» አለኝ።

«ቀምሼዋለሁ፤ ያቃጥላል» አልኩት።

ከጉሎው ጋር ቀላቀለው፤ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ትንሽ ደፍርሷል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አወጣ። አሁን እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ያ ክብሪት ይታየኛል። በአንድ እጁ ከጠርሙሱ የቀረው አረቄ፣ በሌላው ክብሪቱ፤ ዓይኑ ደግሞ እኔ ላይ። ምን እንዳሰበ ያን ጊዜ አልገባኝም። ክብሪቱን ወደ ኪሱ መለሰውና «ብርዱ ይሆናል ያደፈረሰው» አለ። ዘይቱን ሞላን፤ አየሩን አስወጣን። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በገበያው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ነዳኋት፤ በረገጥኩበት ቆመች።

በማግስቱ ከመቐለ በላይ ወዳለችው ወደ ኲሓ ወጣን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሰይድ ወርዶ አራቱንም ጎማ በመዳፉ ነካክቶ ተመለሰ፤ ከጎኔ ተቀመጠ። የሙሽራዋ ወንድም አብሬ ልውረድ ብሎ ነበር፤ ሰይድ አስወርዶታል። «በል፣ ቢስሚላህ» አለ። እኔም አማተብኩ።

የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ያዘች። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሁለተኛውም ላይ ያዘች። «አማረች» አለ፤ ከጥምቀት ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ሦስተኛው ላይ ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ሆኖ እስከ ወለሉ ወረደ።

«ጋሽ ሰይድ! ባዶ ነው!»

«ደጋግመህ ርገጥ! ማርሽ ቀንስ!»

ማርሹ ጮኸ እንጂ አልገባም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ ቀጥለነው የነበረው ገመድ ተበጠሰ። ከታች፣ መንገዱ ቀጥ በሚልበት ላይ፣ አሞሌ ጨው የጫኑ ግመሎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ከኋላቸው ሰዎች አሉ። በእኔ በኩል ገደል ነው፤ በሰይድ በኩል የእርሻ ካብ። ሰይድ መሪውን በአንድ እጁ ያዘና «በእኔ በኩል! ካቡ ላይ!» አለ። አልጮኸም። በእኔ በኩል ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም እኔም እናውቅ ነበር። ጠመዘዝኩት።

አቧራው ሲወርድ እኔ ግንባሬ ደምቷል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩ። የሰይድ ቀኝ እግር ከታጠፈው ብረት ሥር ነው። መጀመሪያ ያለው «ግመሎቹ?» ነው። ደኅና ናቸው አልኩት። ከዚያ ወደ ጎማው አየ፤ እንፋሎት ይወጣል። «ፈላ» አለ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ወጌሻው እግሩን ቢጠግነውም ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግራዝማች ኪሮስ ሽማግሎች ሰብስበው ከግቢያቸው ጥላ ሥር አስቀመጡን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ልጃቸው እዚያች መኪና ውስጥ ልትሆን ትችል ነበር። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ አንድ ወሬ ይዞር ነበር፤ «ሰይድ አረቄ እየጠጣ ነው ፍሬኑን የሠራው» የሚል። አረቄው ጋራዡ ውስጥ ተገኝቷላ! ወሬው መስጊድ ደርሷል። ጎረቤቱ ሐጂ ኢብራሂም፣ ጠዋት ጠዋት ሳያዩት የማይውሉት ሰው፣ ሰላምታ ነስተውታል።

«ሰይድ፣ ይሄ ነገር በማን ጥፋት ነው የደረሰው? ንገረኝ፤ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በልብህ አትያዘው» አሉ ግራዝማች።

ሰይድ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። «የእኔ ነው። ዘይቱን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ጠጥተህ ነበር ይላሉ።»

«አልጠጣሁም።» ከዚህ ሌላ አልተከራከረም። አልማለም።

ከሽማግሎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አስፋው፣ አንተ የምትለው አለ?»

ሰይድም አየኝ። በቁጣ አይደለም፤ መኪና ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር፣ ጠጪ የተባለው ሰው ስሙ ይነጻ ነበር። እኔ ግን እንጀራዬን አሰብኩ፣ የታመመችውን እናቴን አሰብኩ፣ ይልቁንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መዋረዱን አሰብኩ።

«የለም» አልኩ።

ሙሽራዋ በበቅሎ ሄደች። መኪናዋን ጭዱ ውስጥ መለሷት። እኔ ሌላ ዘንድ ተቀጥሬ ካሚዮን ያዝኩ፤ ኑሮዬ ተሻሻለ። ሰይድ ዘንድ ግን ፍሬኑን ይዞ የሚመጣ ሾፌር ጠፋ። እሱም አልጠበቀም። ጉድጓዱን ደፈነና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፕሪመስ፣ ፋኖስ፣ የስፌት መኪና ይጠግን ጀመር። «የስፌት መኪና ደግ ነው፤ ቁልቁለት አይወርድም» ይላል፤ ሰው ይስቃል። መስጊድ ሲሄድ ከኋላ ሰልፍ፣ ዳር ላይ ይቆማል፤ እግሩን ዘርግቶ ስለሚሰግድ ነው ይላል። ሐጂ ኢብራሂም ከፊተኛው ሰልፍ ናቸው።

መቐለ ባደርኩ ቁጥር ሳልጠይቀው አላልፍም ነበር። ስኳር እወስዳለሁ፣ ሲገኝ ተምር እወስዳለሁ። ሰው ጥፋቱን በስኳር መክፈል እንደማይችል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንድ ጊዜ ልናገር ቆርጬ ሄድኩ፤ ሁዳዴ ነበር። «ጋሽ ሰይድ፣ አንድ የምነግርህ ነገር ነበረኝ» አልኩት። የያዘውን ፕሪመስ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። በርጩማውን ወደ እኔ አዙሮ፣ ያ አልታጠፍ ያለውን እግሩን አደላድሎ፣ «እሺ ወንድሜ፤ ንገረኝ» አለ። እንደዚያ ሆኖ ጠበቀኝ።

«የፊት ጎማዬ ሲጠመዘዝ ይንጫጫል» አልኩት።

ጨርቁን አጣጠፈ። «እሱን ነው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለና ፕሪመሱን አነሣ። «የጎማው ኩሽኔታ ይሆናል፤ ቅባት ስጠው።»

ከዚያ በኋላ ደሴ ገባሁ፤ የምመጣውም እየቀረ ሄደ።

እንግዲህ መሞቱን በሰማሁ በማግስቱ መቐለ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ኢብራሂምም አርጅተው ከመሃል አሉ። ዘሀራ ከውስጥ ሆና መምጣቴን ስትሰማ አስጠራችኝ። ገብቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። በርጩማው ጥግ ላይ ነው፤ ጨርቁ ላዩ ላይ ተጣጥፏል።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አልኳት፤ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «አስፋው፣ እሱ ሊጠይቅህ አልወደደም፤ እኔ ግን ልጠይቅህ» አለች። «ያን ቀን አረቄውን ቀምሰኸው ነበር?»

ያ ፔዳል እንደገና ወለሉ ድረስ ወረደ።

«አልቀመስኩትም» አልኩ።

«እናውቃለን» አለች። «ካቡ ላይ በወጣችሁ ማግስት ከመኝታው ሆኖ የቀረውን አረቄ አምጪልኝ አለኝ። ክዳን ላይ አፍስሶ ክብሪት ጫረበት። አልነደደም። ሦስት ክብሪት ነው የጫረበት፤ አልነደደም፤ ውሃ ነበረበት። ያኔ ነው ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ያለው። ‹ዘሀራ፣ በጾሙ ቀን ቅመስ ብዬ የላክሁት እኔው ነኝ› አለ።»

«ሽማግሎቹ ፊት ስንቆም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን...»

«እኔም ብዬዋለሁ። በዚህ ግቢ ‹ጠጪ› ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ሂድና ጠይቀው፣ ያውጣህ ብዬዋለሁ። ‹ቀመስኩት ብሎኛል፤ እንደገና ብጠይቀው ማስማል ይሆንብኛል፤ ራሱ ይነግረኛል› ይለኛል።» ዓይኗን ጠረገች። «ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ ያንተ ካሚዮን ድምፅ ሲሰማ፣ እጁን ይታጠብ ነበር። ‹ዘንድሮ ይነግረኛል› ይላል። አንተ ስኳሩን አስቀምጠህ ትሄዳለህ። ‹ለከርሞ ይሆናል› ይላል። የዘንድሮው ሁዳዴ ሲገባ አልጋ ላይ ነበር፤ የሌላ ሰው መኪና ሲያልፍ ሰምቶ ውሃ አቅርቢልኝ አለኝ። አስፋው አይደለም ብለው አላመነኝም፤ ታጠበ።»

ይቅር በይኝ አልኳት።

«እኔን ተወኝ» አለች። «እነዚያ ውጭ የተቀመጡት ጠጪ ብለው ነው የቀበሩት። ለእነሱ ንገራቸው።»

ወጣሁ። ሸራው ሥር ሰው ያወራል። ቆሜ «አንድ ነገር ልናገር» ስል ዝም አሉ፤ ከሠርጉ ዓመት ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ጾሙን፣ ጠርሙሱን፣ ቀምሼዋለሁ ማለቴን፣ ግራዝማች ግቢ የለም ማለቴን። አንዲት ጠብታ በሰይድ አፍ አልዞረችም አልኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ኢብራሂም ጥምጣማቸውን ከራሳቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና «አሥራ አንድ ዓመት ከኋላዬ ሲሰግድ ዞር ብዬ አላየሁትም» አሉ።

ከኋላዬ ዘሀራ እስከ በሩ ድረስ መጥታ ስትሰማ ነበር። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ሰዎቹም አላየችም። ወደ ውስጥ፣ ጨርቁ ተጣጥፎ ወደተቀመጠበት በርጩማ ዞረችና ልክ ጓሮ ያለውን ሰው እንደምትጠራ በቀስታ፣

«ሰይዴ፣ ይኸው ነገረን» አለች።